ሐይቁ ወይስ ኮረብታው፦ አንድ የሲቪላይዜሽን ጨዋታ የተገለበጠባቸው ተራዎች

ሲቪላይዜሽን 6 የሚባለውን የኮምፒውተር ጌም የሚጫወቱ ልጆች ሲያወሩ ሰምታችሁ ከሆነ ወሬው ሁሌም ጦርነት ነው። የማን ታንክ የማንን ዋና ከተማ ገባ፣ ማን ኑክሌር ጣለ። እኔ በዚህ አልስማማም። ጦርነቱ ብዙ ጊዜ የሚያሳየን ቀድሞ ያለቀውን ነገር ነው። ጨዋታው የሚገለበጠው ማንም ልብ ባላለው ተራ ላይ ነው። ይህን ለማሳየት ባለፈው ክረምት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ቀበሌ 14፣ ቤታችን በረንዳ ላይ የተካሄደ አንድ ጨዋታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ላውራችሁ። ተጫዋቾቹ እህቴና የክፍል ጓደኛዋ ናቸው። ሁለቱም ፖሊ ይማራሉ። እኔ አልተጫወትኩም። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የሆነውን በደብተር እጽፍ ነበር።

ጌሙን ለማታውቁት በአጭሩ። ሲቪላይዜሽን ሲድ ማየር እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ተከታታይ ጌም ነው። ስድስተኛው በ2016 ወጣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 4000 ዓመት ላይ አንድ ሰፋሪና አንድ ተዋጊ ይዘህ ትነሳለህ። ከተማ ትቆረቁራለህ፣ እርሻ ታርሳለህ፣ ዕውቀት ትሰበስባለህ፣ ከጎረቤት ትነግዳለህ ወይም ትዋጋለህ። ሁሉም በየተራው ነው። ማሸነፊያውም አንድ ብቻ አይደለም። የሁሉንም ዋና ከተማ በጦር መያዝ ይቻላል። ወደ ሌላ ፕላኔት መንኮራኩር መላክ፣ ሃይማኖትህን በሁሉም አገር ማስፋፋት፣ የዲፕሎማሲ ነጥብ መሰብሰብ ወይም በባህልህ የዓለምን ጎብኚ መሳብም ያሸንፋል።

እህቴና ጓደኛዋ የተጫወቱት በአንድ ላፕቶፕ ነው። አንዱ ተራውን ሲጨርስ ላፕቶፑን ለሌላው ያዞርለታል፤ ሌላው እስኪጨርስ ፊቱን ወደ ግቢው ያዞራል። ኢንተርኔት አይፈልግም። መብራት ሲጠፋና ባትሪው ሲያልቅ ጨዋታው ሴቭ ይደረጋል፣ ሲመጣ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። እኛ ከተማ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ስንት ጌም ከእጃችን ወጥቷል!

እህቴ ኢትዮጵያን ያዘች። ኢትዮጵያ በሲቪላይዜሽን 6 የገባችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ነው፤ መሪዋ ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። ዋናው ጉልበቷ የእምነት ነጥብ ነው፤ ይህ ነጥብ እየተጠራቀመ እንደ ገንዘብ ይገዛበታል። ከተማዋ ያለማችው እያንዳንዱ የተፈጥሮ ሀብት፣ ቡናም በለው ዕጣን፣ አንድ የእምነት ነጥብ ይጨምርላታል። ሁለተኛው ጉልበቷ ኮረብታ ነው። ኮረብታ ላይ የተቆረቆረ ከተማ ከሚያመነጨው እምነት 15 በመቶውን ያህል ሳይንስና ባህል በተጨማሪ ያገኛል። ወታደሮቿም ኮረብታ ላይ ቆመው ሲዋጉ 4 ነጥብ ይጨመርላቸዋል። ይህንን የሠሩት ሰዎች የአገራችንን መልክዓ ምድር አይተውታል እላለሁ።

ጓደኛዋ ኑቢያን መረጠ። የንግሥት አማኒቶሬ አገር። ኑቢያ ፒታቲ የሚባል ቀስተኛ አላት። ከተራው ቀስተኛ ይፈጥናል፣ ይበረታል፣ በጠዋቱም ይገኛል። ልጁ ሐሳቡን አልደበቀም። "ገና ሳትነቂ ነው የምመጣብሽ" አላት። የቀሩትን አራት አገሮች ኮምፒውተሩ ያዛቸው፦ ሮም፣ ኮንጎ፣ ብራዚልና ጃፓን። ካርታው ሲከፈት ኑቢያና ኢትዮጵያ በአንድ አህጉር ላይ ጎረቤት ሆነው ተገኙ።

ሁለተኛዋ ከተማ

የመጀመሪያው መታጠፊያ ገና ሁለተኛዋ ከተማ ላይ መጣ። አዲስ አበባ በወንዝ ዳር ኮረብታ ላይ ተቆርቁራለች፤ እዚያ ላይ ጥያቄ አልነበረም። ሁለተኛዋ ሰፋሪ ስትወጣ ግን ሁለት ቦታ ነበር።

አንዱ ሜዳ ነው፣ ሐይቅ ዳር። ስንዴ አለው፣ ሐይቁ ውስጥ ዓሣ አለ። ንጹሕ ውሃ አጠገብ የተቆረቆረ ከተማ ከመነሻው አምስት የመኖሪያ ቦታ ያገኛል፤ ሕዝቡ ቶሎ ይበዛል። ሌላው ከዚያ ራቅ ያለ ኮረብታ ነው። ወንዝ የለውም፣ ሐይቅ የለውም። የመኖሪያ ቦታው ሁለት ብቻ ነው። ቦታው ሲሞላ ደግሞ የሕዝቡ ዕድገት ይንቀራፈፋል። በዙሪያው ያለው ቡና፣ ዕጣንና ሁለት ተራራ ነው።

ጌሙን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሐይቁን ይላል። እኔም በልቤ ሐይቁን ብዬ ነበር። ጣና ዳር ተወልዶ ሐይቁን ትቶ ኮረብታ የሚወጣ ማን አለ? አጎታችን ደግሞ አጠገባችን ቡና ይጠጣ ነበር። ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ነው፤ ጌሙን ባይጫወትም ካርታውን ማየት ይወዳል።

"ጋሼ፣ እርስዎ የቱን ይሉኛል?" አለችው።

"ነገሥታቱም በዚሁ ነበር የሚጨነቁት" አላት። "ሱስንዮስ ጎርጎራ ላይ፣ እዚያ ማዶ ከጣና ዳር፣ ቤተ መንግሥት አሠራ። ልጁ ፋሲል ግን ሐይቁን ትቶ ወጣና ጎንደርን ከተማው አደረገ። ግን እይ፣ ፋሲል ያለ ውሃ አልወጣም። ጎንደር አንገረብ አላት፣ ቀሃ አላት። የአንቺ ኮረብታ ምን አለው?"

"ቦይ እስካስቆፍር ነው ጋሼ" አለችው። እውነቷን ነው። በጌሙ ውስጥ ኢንጂነሪንግ ከተማርክ በኋላ ከተራራ እስከ ከተማ የውሃ ቦይ መዘርጋት ይቻላል፤ ያኔ ደረቁ ከተማ የመኖሪያ ቦታው ወደ ስድስት ይደርሳል። ከኮረብታው አጠገብ ለቦዩ የሚሆን ክፍት ቦታ ነበር፣ ከዚያ ቀጥሎ ተራራው። ሁሉንም ቆጥራዋለች። ኮረብታው ላይ ሰፈረች፣ ስሙንም ጎንደር አለችው።

ይህ ውሳኔ ያመጣውን በቁጥር ላሳያችሁ። ሃያ የእምነት ነጥብ የሚያወጣ የኮረብታ ከተማ ሦስት ሳይንስና ሦስት ባህል በላዩ ላይ ያገኛል። ሦስት ትንሽ ትመስላለች። ግን ይህ የሚመጣው አንድም ትምህርት ቤት ሳትሠራ ነው፣ በየተራው ነው፣ ገና ሌላው ሰው እርሻና አጥር ሲሠራ ነው። ከዚያ ወዲያ እህቴ ጨዋታውን ሁሉ በእምነት ለመግዛት ተገደደች። ኮረብታው መንገድ መርጦላታል ማለት ነው። የመታጠፊያ ምልክቱ ይህ ይመስለኛል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡት ምርጫዎች ሁሉ ከሱ ይቀዳሉ።

ሐይቁስ? ሐይቁን ኑቢያ ወሰደችው። ልጁ ብዙም ሳይቆይ ሰፋሪ ላከና ሜዳው ላይ ከተማ ቆረቆረ። ጌሙ የሰጠውን ስም አጠፋና ባሕር ዳር ብሎ ሰየማት። እህቴ ተራዋ ደርሶ ስክሪኑን ስታይ ጮኸች። "ኸረ ይሄስ ንቀት ነው!"

ደብረ ታቦር ስትያዝ

ሃይማኖቱን በፍጥነት ልለፈው። በዚህ ስፋት ካርታ ላይ የሚፈቀደው አራት ሃይማኖት ነው፤ ተጫዋቹ ስድስት። ግን ኮንጎ በያዛት መሪ ባሕርይ የተነሳ ሃይማኖት መመሥረት አትችልም። ስለዚህ ለአራት ቦታ የሚሽቀዳደሙት አምስት ነበሩ። እህቴ ቅዱስ ስፍራዋን፣ ማለትም ለሃይማኖት የሚሠራውን ሰፈር፣ ቀድማ ሠርታ ስለነበር ሁለተኛ ሆና መሠረተች። ብዙ ላብ አላስፈሰሳትም።

ላብ ያስፈሰሳት ደብረ ታቦር ናት። ሦስተኛ ከተማዋ፣ በሐይቁና በጎንደር መካከል፣ ትንሽ፣ አጥር የሌላት። ፒታቲዎቹ የመጡት ወደሷ ነው። አራት ሆነው መጡ፣ ከኋላቸው ጦረኞች ነበሩ። እህቴ ሁለት ጦረኛና አንድ ባለ ወንጭፍ ነበራት። አንዱን ጦረኛ ኮረብታ ላይ አቆመችው፤ ያ አንድ ወታደር ከተጠበቀው በላይ ቆየ፣ ሁለት ጠላትም ይዞ ሄደ። በመጨረሻ ግን ደብረ ታቦር ወደቀች።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነገር ማድረግ ትችል ነበር። ጎንደር ላይ ቅዱስ ስፍራውን አቁማ፣ አዲስ አበባ ላይ ጦረኛ አምርታ፣ ከተማዋን ለማስመለስ መዝመት። ጓደኛዋም የጠበቀው ይህንን ነው። ቀስተኞቹን በከተማዋ ዙሪያ ደርድሮ አድፍጧል። የምትልከው ሁሉ አንድ በአንድ ይለቀም ነበር።

እሷ ግን ዕርቅ ጠየቀች። ወርቅ ጨምራ። ከተማዋን ሳታስመልስ።

እኔ በዚያች ሰዓት ፈርታ ነው ብዬ ነበር የጻፍኩት። የእሷ ስሌት ሌላ ነበር። ፒታቲ በዘመኑ ብርቱ ነው፤ ዘመኑ ሲያልፍ ግን ተራ ቀስተኛ ይሆናል። እንግዲህ የሚያስፈልጋት ጊዜ ነበር። በወርቅ የገዛችውም እሱኑ ነው። በቀሩት ተራዎች ድራማና ግጥም የሚባለውን ባህል ጨርሳ ጎንደር ዳር ኮረብታ ላይ ውቅር ቤተ ክርስቲያን አሠራች። የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ግንባታ ነው፤ በራሱ አንድ የእምነት ነጥብ አለው፣ በዙሪያው ላለ ለእያንዳንዱ ተራራና ኮረብታ ደግሞ አንድ ይጨምራል። የሷ በሁለት ተራራና በሦስት ኮረብታ የተከበበ ነበር። ከአንዲት ቦታ ስድስት የእምነት ነጥብ በየተራው!

ማንም ያላየው ቁጥር

አሁን ወደ ዋናው መታጠፊያ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ መዘርዘር አለብኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ተጫዋች ይህን ክፍል አያየውም።

ጌሙ ውስጥ የዘመን ነጥብ የሚባል አለ። አንድ የሚጠቀስ ነገር ባደረግህ ቁጥር ይመዘገብልሃል። ሃይማኖት ስትመሠርት፣ የአገርህን ልዩ ወታደር ለመጀመሪያ ጊዜ ስታሰለጥን፣ ልዩ ግንባታህን ስታቆም፣ የሽፍታ ሰፈር ስታፈርስ። ዓለም ወደ ቀጣዩ ዘመን ሲሻገር የሰበሰብከው ይቆጠራል። ከበቂ በላይ ከሆነ ወርቃማ ዘመን ትገባለህ፣ ካነሰ የጨለማ ዘመን። መስፈርቱ ደግሞ ለሁሉም እኩል አይደለም። አንዴ ወርቃማ ዘመን የገባ ሰው በሚቀጥለው የሚጠየቀው ይጨምራል።

ኑቢያ በመጀመሪያው ዘመን ነጥብ አፍሳለች። ፒታቲ ቀድማ አሰለጠነች፣ ሽፍታ አጸዳች፣ ወርቃማ ዘመን ገባች። በዚህም የሚቀጥለው መስፈርት ከፍ አለባት። ልጁ ግን በጦርነቱ ላይ ተጠምዶ ነበር። የደብረ ታቦር መያዝ ያሰበውን ያህል ነጥብ አልሰጠውም። መካከለኛው ዘመን ሲገባ ስክሪኑ ላይ የጨለማ ዘመን የሚለው ጥቁር ካርድ ወጣበት። "ምንድን ነው ይሄ?" ብሎ ዞር አለ። እህቴ ሃይማኖት መሥርታለች፣ ውቅር ቤተ ክርስቲያን አቁማለች። እሷ ወርቃማ ዘመን ገባች።

የዚህ ውጤት የሚታየው በከተሞች ታማኝነት ላይ ነው። እያንዳንዱ ከተማ እስከ ዘጠኝ እርምጃ ባለ ርቀት የጎረቤቱን ሕዝብ ይስባል። ወርቃማ ዘመን ላይ ያለ አገር እያንዳንዱ ነዋሪው እንደ አንድ ተኩል ሰው ይስባል፤ ጨለማ ላይ ያለ እንደ ግማሽ ሰው። አስቡት። ጎንደር የምትስበው በአንድ ተኩል፣ ባሕር ዳር የምትጎትተው በግማሽ። ሦስት እጥፍ ልዩነት ነው!

ደብረ ታቦር ቀድማ ካደች። ልጁ አስተዳዳሪውን፣ ማለትም የተሾመበትን ከተማ ታማኝነት የሚያጸናውን ሹም፣ ከዚያ አንስቶ ወደ ዋና ከተማው ወስዶት ነበር። የታማኝነት ነጥቧ በየተራው እየወረደ ዜሮ ገባ፣ ነፃ ከተማ ሆነች፣ ከጥቂት ተራ በኋላ ወደ እህቴ ተመለሰች። አንድ ወታደር ሳይንቀሳቀስ። ስትመለስ ደግሞ ሚዛኑ ይበልጥ ተዛባ፤ አሁን ባሕር ዳርን ከሁለት ወገን የሚስቧት ከተሞች አሉ። እህቴ በወርቃማው ዘመን ሰፋሪዎችን በእምነት ነጥብ የመግዛት ዕድል የሚሰጠውን አማራጭ ይዛ ነበር። አንድ ሰፋሪ ገዝታ ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ጉብታ ላይ አራተኛ ከተማ ቆረቆረች። ይህች ከተማ የተቆረቆረችው ለእህል ወይም ለቡና አልነበረም። ለመሳብ ነው።

ባሕር ዳር የገባችው ማታ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ በባትሪ ይሠራ ነበር። መጀመሪያ ነፃ ከተማ ሆነች። ልጁ ሊያስመልሳት ሞከረ፣ ግን ቀስተኞቹ ሩቅ ነበሩ። ከዚያ በእህቴ ተራ ላይ መልእክቱ መጣ፦ ከተማዋ ኢትዮጵያን መቀላቀል ትፈልጋለች፣ ትቀበያለሽ ወይ? እህቴ ላፕቶፑን ወደ ጓደኛዋ አዞረችና ራሱ እንዲያነብ አደረገችው። ጋሼ ከውስጥ "ምን ተገኘ?" እያለ ወጣ። ስሟን መቀየር እንኳ አላስፈለጋትም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ነው። ሐይቁን በመጀመሪያ ብትወስደው ኖሮ ፒታቲዎቹ የሚመጡት ወደ ሜዳው ነበር። ሜዳ ላይ አንድ ወታደር ያን ያህል አይቆይም። ኮረብታውን በመምረጧ ሐይቁንም በኋላ አገኘችው፤ ያውም ጓደኛዋ እርሻውን አርሶ፣ ጀልባውን ሠርቶ፣ ሕዝቡን አብዝቶ ካስረከባት በኋላ።

ከዚያ ወዲህ

ከመካከለኛው ዘመን በኋላ ያለው ረጅም ነበር፣ ግን ብዙው የሚጠበቅ ነው። ሮም አንዴ መጣች። የኢትዮጵያ ልዩ ወታደር የሆኑት የኦሮሞ ፈረሰኞች ኮረብታ አይገድባቸውም፤ ሌላው ፈረሰኛ አቀበት ላይ ሲንፏቀቅ እነሱ እንደ ሜዳ ይጋልባሉ። ሮም ተመለሰች። በቃ።

አንድ ውሳኔ ግን መነሳት አለበት። እህቴ እስከ ኢንዱስትሪው ዘመን መዳረሻ በሃይማኖት ለማሸነፍ ነበር ያሰበችው። ሐዋርያ እየገዛች ትልክ ነበር፤ ብራዚልና ጃፓን ደግሞ የራሳቸውን ሐዋርያት እየላኩ የሠራችውን ያፈርሱባታል። እምነቷ ሁሉ ባሕር ማዶ ይፈስስ ጀመር። አንድ ቀን ተራዋን ሳትጫወት ረጅም ሰዓት አሰበች። ከዚያ ሐዋርያ መግዛት አቆመችና ወደ ባህል ዞረች።

ይህን እንድታደርግ ያደረጋት አንድ የኢትዮጵያ መብት ነው። ሌላው አገር የአርኪዮሎጂ ሙዚየምና አርኪዮሎጂስት በፋብሪካ ጉልበት ወይም በወርቅ ነው የሚያገኘው። ኢትዮጵያ በእምነት ትገዛለች። የሚቆፈረውስ የት ነው? ጌሙ የጥንት ቅርስ የሚያስቀምጠው ድሮ ወታደር በወደቀበት፣ የሽፍታ ሰፈር በፈረሰበት ቦታ ላይ ነው። ያን ጊዜ ካርታዋን አየሁት። በደብረ ታቦር ዙሪያ የቁፋሮ ምልክት ተደርድሯል። የሞቱት ሁለቱ የኑቢያ ጦረኞች፣ ኮረብታው ላይ የቀረው የሷ ጦረኛ፣ ከነሱ በፊት እዚያው የፈረሰው የሽፍታ ሰፈር።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል። የተሸነፈችበት መስክ ሙዚየሟን ሞላላት። ሦስት ቅርሶች ከአንድ ዘመን ግን ከተለያየ ሥልጣኔ ከሆኑ ሙዚየሙ ተጨማሪ የቱሪዝም ነጥብ ይሰጣል፤ የሷም እንደዚያ ተሟሉ። በረራ የሚባለው ዕውቀት ሲደርስ ደግሞ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ራሳቸው ጎብኚ መሳብ ጀመሩ። በብዙ ኮረብታ ላይ አሠርታቸው ነበር።

የመጨረሻዋ እንቅፋት ኮንጎ ሆነች። በባህል ለማሸነፍ ወደ አንቺ የሚመጡት ጎብኚዎች ከእያንዳንዱ አገር የገዛ ራሱ አገር ውስጥ ጎብኚዎች መብለጥ አለባቸው። ኮንጎ ቅርስና ሐውልት በሰበሰበች ቁጥር የምትጠቀም አገር ናት፤ ባህሏም ከፍ ያለ ነበር። እህቴ የንግድ መስመር ወደ ኮንጎ ከፈተች፣ ድንበር ለመክፈት ተስማማች። ሁለቱም እያንዳንዳቸው በዚያ አገር ላይ ያላትን የቱሪዝም ጉልበት በ25 በመቶ ያሳድጋሉ። የቀረውን እምነት የሮክ ባንድ ገዝታ ኮንጎ ላይ ኮንሰርት አስደረገችበት። የምኒልክ አገር ገዳማቷ ያጠራቀሙትን እምነት በጊታር ጨረሰችው፤ ጋሼ ይህን ሲሰማ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። ከጥቂት ተራ በኋላ የድሉ ስክሪን ወጣ።

ጓደኛዋ ሽንፈቱን በቀላሉ አልተቀበለም። ጥሩ አደረገ፣ ምክንያቱም ያመጣው ክርክር ከድሉ ይልቅ አስተማረኝ። "የተሸነፍኩት በጦርነቱ ነው፤ ደብረ ታቦርን ከያዝኩ በኋላ ወደ ጎንደር መቀጠል ነበረብኝ" አለ። እህቴ ደግሞ "አስተዳዳሪህን ስታነሳ ነው የተሸነፍከው" አለችው። እኔ ደብተሬን አወጣሁ። ነጥቡ ያለው ከሁለቱም በፊት፣ ዘመኑ ከመቀየሩ በፊት ባሉት ጥቂት ተራዎች ላይ ነው አልኳቸው። በዚያን ጊዜ ከኑቢያ በስተ ደቡብ ያልፈረሰ የሽፍታ ሰፈር ነበር። ደብረ ታቦር ዙሪያ ሥራ ፈትተው የቆሙት ቀስተኞች ወደዚያ ቢሄዱ የዘመን ነጥቡ ይሞላ ነበር።

የድሮው ሴቭ ስላልጠፋ ከዚያው ከፈቱት። ልጁ ሁለት ፒታቲ ወደ ደቡብ ላከ። ሰፈሩን አፈረሰ፣ ነጥቡ መስፈርቱን ለጥቂት አለፈ፣ መካከለኛው ዘመን ሲገባ ጥቁሩ ካርድ አልመጣም። አስተዳዳሪውንም ደብረ ታቦር ላይ ተወው። ሁለተኛው ጨዋታ ከዚያ ቀጥሎ አሁን ኢንዱስትሪው ዘመን ላይ ደርሷል። ደብረ ታቦርና ባሕር ዳር ሁለቱም በኑቢያ እጅ ናቸው፤ እህቴ ጎንደር ላይ የውሃ ቦዩን አስጨርሳ ጦር እያዘጋጀች ነው።